የጋሽ ፈይሳ ወዛደሮች

መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው የሰማሁት። ሰናይት፣ ድሮ ያስተማርኳት፣ ዛሬ ጉርድ ሾላ መድኃኒት ቤት ያላት ሴትዮ፣ ከመንገዱ ማዶ አይታኝ ተሻግራ መጣችና ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

«ቲቸር፣ አልሰሙም እንዴ? ጋሽ ወዝ እኮ አረፉ።»

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የመጣብኝ ሳቅ ነው። ተማሪዎች ለመምህር ፈይሳ ያወጡትን «ጋሽ ወዝ» የሚለውን ስም ከሰማሁ ብዙ ዘመን ሆኖኝ ነበር። ሳቁ ከአፌ ሳይወጣ እንባዬ መጣ። ሰልፈኛው ያበድኩ መስሎት ዞር ዞር እያለ አየኝ።

በማግስቱ ቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪካቸውን ያነበበው ወጣት ጥሩ ድምፅ ነበረው። ማን እንደጻፈለት ግን እንጃ። «መምህር ፈይሳ በደርግ ዘመን በተካሄደው የንጽሕና ዘመቻ፣ ሕዝቡ ገላውን በሳሙና እንዲታጠብ በግንባር ቀደምትነት የታገሉ...» ሲል፣ ጋሽ ፈይሳ ሳጥኑን ገፍተው «ውሸት ነው!» አለማለታቸው ገረመኝ። የሰውዬው ዕድሜ ያለቀው ሰው ገላውን በሳሙና እየፋቀ እንዳይጨርስ ሲለምኑ ነው። በሕይወት እያሉ ያላስቀየሯቸውን ቃል በሞቱ በሦስተኛው ቀን አስቀየሯቸው። ይህችን የምጽፈው በዚያ ንዴት ነው።

ጋሽ ፈይሳ የባዮሎጂ መምህር ነበሩ፤ እኔ አማርኛ አስተምር ነበር። ትምህርት ቤታችን የካ ጋራው ሥር ነው። የሳቸው ቤት ከግቢው በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ባሕር ዛፍ መሃል ነበር። እዚያው የተወለዱ የገበሬ ልጅ ናቸው። ከእናታቸው ጋር በኦሮምኛ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ፣ ከማይክሮስኮፓቸው ጋር ደግሞ እኔ በማላውቀው ቋንቋ ያወሩ ነበር። አጠር ያሉ፣ ግንባረ ሰፊ ሰው ነበሩ፤ ግንባራቸውም ሁልጊዜ ያበራል። ክፍል ሲገቡ ሰላምታ የላቸውም። ሌባ ጣታቸውን ግንባራቸው ላይ አሸት አድርገው ለተማሪው ያሳያሉ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ቆሻሻ!» ይላል ክፍሉ።

«ቆሻሻስ የእናንተ መልስ ነው። ይሄ ቀለብ ነው!»

ከዚያ ይጀምራሉ። ቆዳችን ውስጥ ወዝ የሚያመነጩ ጥቃቅን ዕጢዎች አሉ። ቆዳችን ላይ ደግሞ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ሰፍረዋል። ወዙን ይበሉታል። በልተው ዝም አይሉም፣ ወዙን ሰባብረው ኮምጠጥ ያለ ነገር ይተዉልናል። በዚያ ምክንያት ክፉው ባክቴሪያ ቆዳችን ላይ ልስፈር ቢል ሰፈሩ አይመቸውም። «እኛ እናበላቸዋለን፣ እነሱ ይጠብቁናል» ይሉና ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። «ያለ ደሞዝ!»

ይህ ሁሉ ደህና ነበር። ችግሩ የመጣው ከእኔ ክፍለ ትምህርት፣ ከቃል ነው። ያን ጊዜ «ወዛደር» የሚለው ቃል ያልተጻፈበት አጥር፣ ያልተነገረበት ሬዲዮ አልነበረም። አንድ ቀን ጋሽ ፈይሳ «በወዝ የሚያድር ፍጡር ምን ይባላል?» ብለው ጠየቁ። ከኋላ ወንበር አንዱ ለቀልድ «ወዛደር!» አለ። ጋሽ ፈይሳ ግን ቀልድ አያውቁም። ጠመኔያቸውን አስቀመጡና «ጎሽ! እውነተኛው ወዛደር እሱ ነው» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በትምህርት ቤታችን ባክቴሪያ መባሉ ቀረ።

ሳሙና ይጠላሉ የሚባለው ሐሰት ነው። ብብት፣ ብሽሽትና እግር በሳሙና፣ ሌላው ገላ በውኃ ይበቃዋል ይሉ ነበር። «መታጠብና መፋቅ አንድ አይደለም» የዘወትር ንግግራቸው ነው። እጅ ላይ ሲደርሱ ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። በኮታቸው ኪስ ውስጥ በቆርቆሮ የያዙት ቁራጭ ሳሙና አለ። በሻይ ሰዓት የመምህራን ክፍል በር ላይ ይቆሙና «እጅ!» ይላሉ። ርዕሰ መምህሩም ሳይቀሩ መዳፋቸውን ሳያስፈትሹ ዳቦ አይቆርሱም። ባለቤታቸው «ሰውዬው የተጋቡት ከእኔ ጋር ሳይሆን ከቆዳቸው ጋር ነው» እያሉ ያሟቸው ነበር።

ሰናይት በዚያን ጊዜ ፊቷን ብጉር የወረሳት ልጅ ነበረች። አንድ ቀን እያፈረች እጇን አወጣች። «ጋሼ፣ ወዛደሮቹ የሚጠብቁን ከሆነ ታዲያ እኔን ምን አድርጊ ነው የሚሉኝ?» ክፍሉ ሳቀ። ጋሽ ፈይሳ አልሳቁም። ወዙ ሲበዛና የቆዳው ቀዳዳ ሲደፈን፣ ያው የሚጠብቀን ባክቴሪያ እዚያው ታፍኖ እንደሚራባና ቆዳው እንደሚቆጣ አስረዷት። ከዚያ ለማጠቃለል ብለው ያቺን ዓረፍተ ነገር ተናገሩ።

«አየሽ ልጄ፣ ወዛደር ሲታፈን ያምጻል።»

እኔ በአጠገብ ክፍል ስለነበርኩ በግድግዳው በኩል ሰማሁት። ቀጥ ብዬ ቀረሁ። ያ የደም ጊዜ አለፈ ቢባልም ፍርሃቱ ገና ከየቤታችን አልወጣም ነበር።

ለትንሽ ጊዜ ምንም አልመጣም። ከዚያ ሳሙና ጠፋ። የቀበሌው ሱቅ መደርደሪያ ባዶውን ቀረ፤ ሴቶቹ ልብስ ለማጠብ ወደ እንዶድ ተመለሱ። አዳራሹ ውስጥ ማጉረምረም ሲበዛ የቀበሌያችን ካድሬ ጓድ ተሻለ አንድ ሐሳብ መጣለት። ጓድ ተሻለ ቀጭን፣ ጢሙን በየቀኑ የሚላጭ፣ ከማንኛውም ችግር ጋር የሚስማማ ጥቅስ የማያጣ ወጣት ነበር። ጋሽ ፈይሳ ስለ ሳሙና የሚሉትን ሰምቶ ኖሮ በእግሩ ትምህርት ቤት ድረስ መጣ።

«ጓድ መምህር፣ ሳሙና የቄንጠኛ ከበርቴዎች ልማድ መሆኑን በሳይንስ አስደግፈው ለሰፊው ሕዝብ እንዲያስረዱልን ነው።»

«ስለ ቆዳ ላስረዳ እችላለሁ» አሉ ጋሽ ፈይሳ። ደስ ብሏቸው ነበር፤ በሕይወታቸው ስለ ቆዳ ንገሩን ያላቸው ሰው አልነበረም።

አዳራሹ ግጥም ብሎ ሞላ። ጋሽ ፈይሳ ግንባራቸውን አሸት አድርገው ጣታቸውን አሳዩ። ስለ ወዙ፣ ስለ ባክቴሪያው፣ ስለ ኮምጣጣው ተናገሩ። ጓድ ተሻለ መድረክ ላይ ሆኖ ፊቱ ፈካ። «ስለዚህ ገላን በየቀኑ በሳሙና መፋቅ አያስፈልግም!» ሲሉ ጭብጨባውን ራሱ ጀመረው። ጭብጨባው ሳያልቅ ጋሽ ፈይሳ እጃቸውን አነሱ።

«እጅ ግን በሳሙና ነው! ከምግብ በፊት፣ ከመጸዳጃ ቤት መልስ፣ ሕፃን ከማጉረስ በፊት። እዚህ ላይ ድርድር የለም!»

ከፊት መስመር እትዬ ጥሩወርቅ ተነሡ። የጋሽ ፈይሳ ጎረቤት ናቸው። አንድ ልጃቸው ፈትል ፋብሪካ ይሠራ ነበር፤ በዚያ በክፉው ጊዜ አንድ ጠዋት «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» ተብሎ እንደወጣ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ እትዬ ጥሩወርቅ የሚፈሩት ነገር አልነበረም።

«መምህር ጥሩ ብለዋል። ሳሙናውስ የታለ?»

ያን ጊዜ የተጨበጨበውን ጭብጨባ በዚያ አዳራሽ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። ጓድ ተሻለ ብቻ ነው ያላጨበጨበው።

በሳምንቱ ጋሽ ፈይሳ ኮሚቴው ፊት ቀረቡ። የተጠየቁት ግን ስለ ሳሙና አይደለም። ስለ ሳሙና ቢጠየቁ ሳሙና መጥፋቱ ሊታመን ነው። ክሱ «የወዛደሩን መደብ ከተሕዋስያን ጋር በማመሳሰል መዝለፍና ለዐመፅ መቀስቀስ» የሚል ነበር። እኔም የቋንቋ ባለሙያ ተብዬ ተጠራሁ። መዝገበ ቃላቴን ይዤ ሄድኩ።

«ወዛደር ማለት ምን ማለት ነው?» አለኝ ጓድ ተሻለ።

«ወዝ እና አዳሪ ነው፤ በወዙ የሚያድር፣ ሠርቶ የሚኖር» አልኩ።

«ባክቴሪያ ይሠራል?»

ጋሽ ፈይሳ ከእኔ ቀደሙ። «ቀንም ሌሊትም! ዓመት በዓል የለው፣ ፈቃድ የለው!»

«በራሱ ወዝ ነው የሚያድረው ወይስ በሰው ወዝ?»

«በሰው ወዝ።»

«እንግዲያው በዝባዥ ነው!» አለ ጓድ ተሻለ ጠረጴዛውን መታ አድርጎ።

«በዝባዥ ቢሆን በልቶ ይተኛ ነበር፤ ይሄ ጥበቃ ይቆማል።»

የኮሚቴው ሊቀ መንበር እንዲህ ከሆነ ንዑስ ከበርቴ ሊሆን ይችላል የሚል አስተያየት ሰጡ። ሌላው መደብ የለሽ ነው አሉ። ጋሽ ፈይሳ ነገሩን ለማቅለል ብለው «ጓዶች፣ እያንዳንዱ እኮ አንድ ሕዋስ ብቻ ነው» ሲሉ የኮሚቴው ጸሐፊ ከወንበሩ ተነሣ።

«የማን ሕዋስ?»

ሕዋስ ማለት በዚያን ጊዜ በድብቅ የሚሰበሰብ የድርጅት ክንፍ ነበር፤ በሱ የተጠረጠረ ሰው ደግሞ ወደ ቤቱ አይመለስም። ጋሽ ፈይሳ ወደ እኔ ዞሩ፤ ግንባራቸው ከወትሮው የበለጠ አብርቷል። ቶሎ ብዬ ቃሉ ሁለት ትርጉም እንዳለው፣ የባዮሎጂው ከፖለቲካው እንደሚቀድም፣ ሕዋስ በሁላችንም ገላ ውስጥ እንዳለ አስረዳሁ። «በሁላችንም?» አለ ጸሐፊው፤ የራሱን ክንድ እያየ ተቀመጠ።

ውሎ አድሮ የባክቴሪያው መደብ ሳይለይ ቀረ። የጋሽ ፈይሳ ግን ተወሰነ። በቀጣዩ ጠቅላላ ስብሰባ ሕዝብ ፊት ቆመው ግለሂስ እንዲያደርጉ፣ የተናገሩት ሁሉ ስሕተት መሆኑን እንዲያምኑ፣ እምቢ ካሉ ከማስተማር ተባርረው ለሚመለከተው ክፍል እንዲተላለፉ። የሚመለከተው ክፍል ማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም፤ ሁላችንም እናውቀዋለን።

«ቀላል ነው፣ ተሳስቻለሁ ብለው ይቀመጡ» አልኳቸው ስንወጣ።

«ምኑን ነው የተሳሳትኩት?» አሉኝ። እያፌዙ አልነበረም። የምር ስሕተታቸውን እየፈለጉ ነበር።

በመሃሉ ከአንድ ወዳጅ አገር ሳሙና በርዳታ መጣ። ድርቅ ያለ፣ ቢጫ፣ ቆዳ የሚልጥ የልብስ ሳሙና ነው። ጓድ ተሻለ በአንድ ጀምበር ተገለበጠ። ትናንት የከበርቴ ልማድ የነበረው ሳሙና ዛሬ የአብዮት መሣሪያ ሆነ። የንጽሕና ዘመቻ ታወጀ፤ እሱም አርአያ ሊሆን በየጎዳናው በርሜል እያስቀመጠ፣ የወለል ማጽጃ መድኃኒት ጠብ እያደረገበት፣ ፊቱንና እጁን በሕዝብ ፊት ሲፈትግ ይውል ጀመር። የጋሽ ፈይሳ ግለሂስም አብሮ ተገለበጠ። መጀመሪያ፣ በክሱ ላይ ባይጻፍም፣ «እጅ በሳሙና» ማለታቸው ነበር ጥፋቱ፤ አሁን «ገላ በውኃ» ማለታቸው ሆነ።

የስብሰባው ዋዜማ ቅዳሜ ነበር። ጋሽ ፈይሳ ግቢ ውስጥ ቁጭ ብለን ፈተና እያረምን ሳለ ጓድ ተሻለ ብቻውን፣ ሁለት እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ዳገቱን ወጣ። ባላቸውን ሊወስድ የመጣ መስሏቸው የጋሽ ፈይሳ ባለቤት ጋቢና እንጎቻ ሊቋጥሩ ወደ ቤት ሮጡ።

ጓድ ተሻለ እኔን አየት አደረገኝ። ከዚያ እጆቹን ከኪሱ አወጣ። መዳፉ እንደ ክረምት ማግስት ጭቃ ተሰነጣጥቋል። የጣቶቹ መገጣጠሚያ ደም ያዘለ ነው። ጉንጩና አንገቱ ቀልቶ ይላጣል።

«ጋሼ» አለ። ጓድ መምህር አላለም። «አልጨበጥ አለኝ።»

ጋሽ ፈይሳ እጁን ተቀብለው ወደ ብርሃኑ አዞሩት። ረጅም ጊዜ አዩት።

«ኢልመ ኮ» አሉት በኦሮምኛ፤ ለገዛ ልጆቻቸው «ልጄ» ሲሉ የሚሉትን ነው። «ወዙን አጠብከው። በልቶ የሚጠብቅህን ሁሉ ጨረስከው።»

ጋሽ ፈይሳ መድኃኒት ያለበትን ውኃ ጨርሶ እንዲተው፣ ፊቱን በንጹሕ ውኃ ብቻ እንዲታጠብ፣ እጁን ሲበላና ሲጸዳዳ ብቻ በለስላሳ ሳሙና፣ ከዚያ ቫዝሊን እንዲቀባ ነገሩት። ከቤት የራሳቸውን ቫዝሊን አምጥተው በገዛ ጣታቸው ቀቡት።

«ይመለሳሉ?» አለ ጓድ ተሻለ።

«ይመለሳሉ። ከተውካቸው ይመለሳሉ። የሚያደራጃቸው አያስፈልግም።»

ሲወጣ በሩ ላይ ቆመና «ነገ ግን ግለሂሱ ይቀጥላል» አለ፤ ድምፁ የልመና ይመስል ነበር። ጋሽ ፈይሳ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ግን ለራሴ ዳንን አልኩ። ነገ መድረክ ላይ «የጓድን እጅ እዩ» ቢሉ ነገሩ ያለቀ ነው ብዬ ነበር። ይህንን ስነግራቸው ተቆጡኝ። «የታመመ ሰው ገላ ለክርክር አይቀርብም» አሉኝና ወደ እርማታቸው ተመለሱ።

እሁድ ጠዋት አዳራሹ ሞላ። ጓድ ተሻለ እንደ ልማዱ መፈክር ሊያሰማ ግራ እጁን አነሣ። ጡጫ ግን አልሆነም። በቫዝሊን የሚያበራው መዳፉ እንደተዘረጋ አየር ላይ ቀረ። «ጸረ-አብዮተኞች ይውደሙ!» ሕዝቡ ግራ ተጋባ። የፊት መስመር ኮሚቴዎች አዲስ መመሪያ የወረደ መሰላቸውና ጡጫቸውን ፈትተው መዳፋቸውን ዘረጉ። የኋላው የፊቱን አየ። በአንድ አፍታ አዳራሹ በሙሉ መዳፉን ወደ ላይ ዘርግቶ «ይውደሙ!» አለ። ጸሎት ቤታቸው የታሸገባቸው አንድ ጴንጤ ጎረቤታችንማ አጋጣሚው ሳያመልጣቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሱ ጀመር።

ከዚያ ጋሽ ፈይሳ ተጠሩ። ግንባራቸውን አልነኩም። መድረኩ ላይ ወጥተው ኮታቸውን ቆለፉ።

«ጓዶች፣ ተሳስቻለሁ» አሉ። ትንፋሼን አወጣሁ። ጓድ ተሻለም ያወጣ መሰለኝ። «ሳምንቱን ሙሉ ስሕተቴን ስፈልግ ነበር። ትናንት አገኘሁት። የተሳሳትኩት በቆዳው አይደለም፣ በቃሉ ነው። ባክቴሪያውን ወዛደር ብዬዋለሁ። ልክ አይደለም። ባክቴሪያውን በሳሙና ብንፈጀውም፣ ለጥቂት ጊዜ ብንተወው ከተረፈው ተራብቶ ይመለሳል። ወዛደር ግን የሰው ልጅ ነው። እሱ አንዴ ከተወሰደ አይመለስም። የማይመለሰውን በሚመለሰው ስም በመጥራቴ እናቱን ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ይህን ሲሉ የሚያዩት መድረኩን አልነበረም። የፊት መስመሩን፣ እትዬ ጥሩወርቅን ነበር። እትዬ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። ለልጃቸው ማልቀስ እንኳ ተከልክለው የከረሙ ሴት ናቸው። እኔ እንደዚያ ቀን ፈርቼም፣ በሰው ኮርቼም አላውቅም።

ጓድ ተሻለ የተዘረጋውን እጁን አየ። «ግለሂሱ ተቀባይነት አግኝቷል» አለና ተቀመጠ። ለሚመለከተው ክፍል ሳይተላለፉ ቀሩ። ከባዮሎጂ ግን ተነሥተው የእንጦጦ ችግኝ ጣቢያ እንዲጠብቁ ተመደቡ። ጋሽ ፈይሳ እዚያም አርፈው አልተቀመጡም። ከጋራው እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን ሴቶች መንገድ ላይ አስቁመው «እጅ!» ይሉ ነበር አሉ፣ ከኪሳቸው ቁራጭ ሳሙና እያወጡ።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ በር ላይ እጅ የምንታጠብበት ውኃ ቀረበ። ተራዬን ስጠብቅ ከፊቴ ያለው ሽበታም ሰውዬ ሳሙናውን አንዴ ብቻ አሽቶ ታጠበ፤ ከኪሱ ትንሽ የቫዝሊን ቆርቆሮ አወጣና መዳፉን ቀባ። በዚያ ነው ጓድ ተሻለን ያወቅሁት። መንግሥት ሲለወጥ ታስሮ እንደወጣ ሰምቼ ነበር። እሱም አወቀኝ። ሁለት እጁን ልጅ ለእናቱ እንደሚያሳይ አድርጎ ዘረጋልኝ። ለስላሳ፣ ወዛም እጅ ነው።

«ተመለሱ እኮ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ጋሼ እንዳሉት ሁሉም ተመለሱ።»

ከበሩ አጠገብ ፍራሽ ላይ እትዬ ጥሩወርቅ ተቀምጠዋል። አርጅተዋል፣ ዓይናቸው ፈዝዟል፤ ጆሯቸው ግን ደህና ነው። የያዙትን ንፍሮ አስቀምጠው ድምፁ ወደመጣበት ዞሩ።

«ማን ነው የተመለሰው?» አሉ።

ተሻለ እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከተተ።